ሳይጫወቱ አንደኛ መባል

በኦክቶበር 2022 (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የአሶሺየትድ ፕሬስን የአሜሪካ ኮሌጆች ቅርጫት ኳስ ደረጃ የሚያወጡ 62 ጋዜጠኞች ድምፃቸውን ሰጡ። 47ቱ በአንደኛነት ያስቀመጡት የኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲን ቡድን ነበር። ውድድሩ ሊጀመር ገና ሳምንታት ይቀሩት ነበር። ልጆቹ ልምምድ ላይ ናቸው፤ የዓመቱን አንድ ጨዋታ እንኳ አላደረጉም። አንደኛ ያስባላቸው ያደርጉታል ተብሎ የታሰበው ነው።

ግምቱ መሠረት ነበረው። ከዚያ ስድስት ወር ቀደም ብሎ፣ በአሰልጣኝ ሂዩበርት ዴቪስ የመጀመሪያ ዓመት፣ ይኸው ቡድን በብሔራዊው ውድድር ከምድቡ 8ኛ ተብሎ ገብቶ ማንም ሳይጠብቀው ለፍጻሜ ደርሷል። በግማሽ ፍጻሜው የዕድሜ ልክ ባላንጣውን ዱክን 81 ለ 77 አሸንፎ የታላቁን አሰልጣኝ የማይክ ሺሼፍስኪን የሥራ ዘመን ዘግቷል። በፍጻሜው ግን ካንሳስን እስከ ዕረፍት 40 ለ 25 ሲመራ ቆይቶ 72 ለ 69 ተሸነፈ። ከአምስቱ ቋሚ ተሰላፊዎች አራቱ፣ አርማንዶ ቤኮት፣ አር ጄ ዴቪስ፣ ኬሌብ ላቭና ሊኪ ብላክ፣ ለተጨማሪ ዓመት ወደ ግቢያቸው ተመለሱ። የደጋፊው ወሬ ሁሉ የተጀመረውን ስለመጨረስ ሆነ።

ጅማሬው አልከፋም፤ አምስት ጨዋታ፣ አምስት ድል። ነገር ግን ጋርድነር ዌብን የመሰለ ትንሽ ትምህርት ቤት 72 ለ 66 እስኪሸነፍ ድረስ ሲያስጨንቃቸው ላየ ሰው አንድ ነገር እንደጎደለ ግልጽ ነበር። በኖቬምበር መጨረሻ አዮዋ ስቴት አሸነፋቸው። ከሁለት ቀን በኋላ ከአላባማ ጋር አራት ጊዜ ተጨማሪ ሰዓት ተጫውተው 103 ለ 101 ተረቱ። ኢንዲያናና ቨርጂኒያ ቴክም ተከተሉ። በዲሴምበር የመጀመሪያ ሳምንት አንደኛ የተባለው ቡድን ደረጃ ከሚሰጣቸው 25 ቡድኖች ዝርዝር ውስጥ አልነበረም። ዓመቱን በ20 ድልና በ13 ሽንፈት ጨረሰ። ብሔራዊው ውድድር በ1985 ወደ 64 ቡድን ካደገ ወዲህ፣ በቅድመ ውድድር ግምት አንደኛ ተብሎ ለውድድሩ ሳይጋበዝ የቀረ የመጀመሪያው ቡድን ሆነ።

እዚህ ላይ የሚነሣው ጥያቄ ከስፖርት ገጽ ይሰፋል። ሰው ያልሠራውን ሥራ ክብር አስቀድሞ ሲቀበል ውስጡ ምን ይሆናል? ሌሎች በአንድ ወጣት ላይ የሚጥሉት ተስፋ ስጦታ ነው ወይስ ዕዳ?

አማርኛ ተናጋሪ ለዚህ አዲስ አይደለም። ጎፈሬ ጀግና ግዳይ ጥሎ ሲመለስ የሚያሳድገው ምልክት በነበረበት ዘመን፣ ሳይዘምት ጠጉሩን ያጎፈረውን "ሳይገድሉ ጎፈሬ" ብሎ ተርቶበታል። በመጽሐፈ ነገሥትም የሶርያው ንጉሥ ወልደ አዴር 32 ነገሥታት አስከትሎ ሰማርያን ከብቦ ሲፎክር፣ አክዓብ ትምክህት ከጦርነቱ በፊት ሳይሆን በኋላ እንደሆነ የሚያስገነዝብ መልእክት ላከበት። ወልደ አዴር መልእክቱ ሲደርሰው በድንኳኑ ውስጥ ከነገሥታቱ ጋር ይጠጣ ነበር። ጦርነቱን ተሸንፎ በፈረስ አመለጠ።

የኖርዝ ካሮላይና ልጆች ግን አልፎከሩም። ይህን ማሳነስ ፍርድ ማጓደል ነው። ጎፈሬውን ያሳደጉት ራሳቸው አይደሉም፤ ሌሎች ናቸው የጫኑባቸው። ስለዚህ ነገሩን በትዕቢት ብቻ መፍታት አይቻልም።

የበረሃ አባቶች ይህን ልዩነት ያውቁ ነበር። በ4ኛው መቶ ዘመን በግብፅ በረሃ የኖረው ኤቫግሪዎስ ነፍስን የሚፈትኑ ስምንት አሳቦችን ሲዘረዝር ውዳሴ ከንቱንና ትዕቢትን ለየብቻ አስቀምጧል። ትዕቢተኛ ራሱን ያመልካል። ውዳሴ ከንቱ የያዘው ሰው ግን ዓይኑ ሌሎች ላይ ነው፤ ምን ይሉኛል ብሎ ያስባል፣ የሚሠራውን ሥራ በተመልካቹ ዓይን ውስጥ ሆኖ ያያል። ትሑት ሰውም ይያዝበታል። ከኤቫግሪዎስ የተማረው ዮሐንስ ካሲያን ይህን ፈተና ከሽንኩርት ጋር አመሳስሎታል፤ አንዱን ልጣጭ ሲያነሡት ሌላው ከሥሩ ይወጣል። "እኛ የሚወራውን አንሰማም" እያለ በየመግለጫው የሚናገር ቡድንም ከዚህ አላመለጠም፤ አለመስማቱን ለማሳየት መድከሙ ራሱ መስማቱን ይመሰክራል።

የዘመናችን ሥነ ልቦናም በሌላ መንገድ ተጉዞ እዚያው አካባቢ ደርሷል። ሮይ ባውማይስተር በ1984 ባሳተመው ጥናት ጫና የበዛበት ሰው ለምን የሚችለው ሥራ እንደሚያቅተው መረመረ። ያገኘው መልስ ግልጽ ነው። ጫናው የሰውየውን ትኩረት ወደ ራሱ ይመልሰዋል፤ እጁ ለብዙ ዓመት ተለማምዶ በራሱ የሚሠራውን ነገር አእምሮ ሊቆጣጠረው ይሞክራል፣ ያን ጊዜ እጁ ይሳሳታል። ሺህ ጊዜ የወረወረው ልጅ ክርኑ የት እንዳለ ማሰብ ሲጀምር ኳሱ የቀለበቱን ጠርዝ ይመታል። ኖርዝ ካሮላይና በዚያ ዓመት ከባለ ሦስት ነጥብ ውርወራዎቹ ያገባው ከመቶ 31 ገደማ ብቻ ነበር።

ይህን ሁሉ በግምቱ ላይ ማላከክ ግን ሐቀኝነት አይሆንም። ከአምስቱ ያልተመለሰው ብሬዲ ማኔክ ረጅም ሆኖ ከሩቅ የሚያገባ ተጫዋች ነበር፤ እሱ ከጎን ቆሞ ተከላካዮችን ወደ ውጭ ስለሚስብ ቤኮት በቀለበቱ ሥር ቦታ ያገኝ ነበር። ማኔክ ሲሄድ ቦታውም ጠበበ። ጉዳትም ነበር። ግምት ሰጪዎቹ አራቱ መመለሳቸውን ቆጠሩ፣ የአንዱ መሄድ ምን እንደሚያፈርስ አልመዘኑም። የቡድን ሥራ በድምር አይሰላም።

ደግሞም ከዚያው ትምህርት ቤት የተቃራኒው ምስክር አለ። በ2008 ኖርዝ ካሮላይና በግማሽ ፍጻሜ ላይ በካንሳስ 84 ለ 66 ተሸነፈ። ታይለር ሃንስብሮና ጓደኞቹ ወደ ፕሮፌሽናል ሊግ መሄድ ሲችሉ ተመለሱ። መራጮቹ በሙሉ ድምፅ አንደኛ አሏቸው። በሊጋቸው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጨዋታዎች ተሸነፉ። ወሬው ተነሣ፤ እነሱ ግን አልፈረሱም። በኤፕሪል 2009 ዲትሮይት ላይ ሚሺጋን ስቴትን 89 ለ 72 አሸንፈው ዋንጫውን አነሡ። ያው ግቢ፣ ያው መለያ፣ ቁስሉን ያደረሰባቸውም ያው ካንሳስ፤ ፍጻሜው ግን ሌላ። ከዚያ ወዲህ እስከ 2025 ድረስ በቅድመ ግምት አንደኛ የተባለ ቡድን በዚያው ዓመት ሻምፒዮን ሆኖ አያውቅም። ለዚህ የውድድሩ ባሕርይም ድርሻ አለው፤ አንድ ቀን የተሸነፈ ወደ ቤቱ ይሄዳል፣ ዋንጫው ስድስት ተከታታይ ድል ይጠይቃል። ቢሆንም የ2009ኙ ቡድን መኖሩ ብቻ ግምት ዕጣ ፈንታ አለመሆኑን ያሳያል።

እንዲያውም ከፍ ያለ ተስፋ ሰውን የሚያሳድግበት ጊዜ አለ። በ1968 ሮበርት ሮዘንታልና ሌኖር ጄከብሰን በካሊፎርኒያ አንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያደረጉትን ሙከራ አሳተሙ። ከተማሪዎቹ አንድ አምስተኛ ያህሉን በዕጣ መርጠው ለመምህራኑ "እነዚህ ልጆች በቅርቡ በአእምሮ ያብባሉ" አሏቸው። በዓመቱ መጨረሻ በተለይ ትንንሾቹ ልጆች ከሌሎቹ የበለጠ መሻሻል አሳዩ። ጥናቱ እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ ውጤቱ የተጋነነ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። ክርክሩ ውስጥ ግን አንድ ጠቃሚ ነገር አለ። ተስፋው የሚሠራው በመምህሩ በኩል ነው። ልጁ ይችላል ብሎ ያመነ መምህር ፊቱን ያበራለታል፣ ሲሳሳት ቆም ብሎ ያስረዳዋል፣ መልሱን እስኪያገኝ ይታገሠዋል።

ልዩነቱ ያለው እዚህ ነው። መምህሩ የጠበቀውን ነገር እውን ለማድረግ ራሱም ይደክማል። ድምፅ ሰጪው አንድ ቁጥር ጽፎ ይሄዳል። ቁጥሩ ባይሳካ የሚጎድልበት የለም፤ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ቡድን ይጽፋል። ዕዳው በሙሉ የሚቀረው በልጁ ላይ ነው። ከሰው ብዙ መጠበቅ ኃጢአት አይደለም፤ ብዙ እየጠበቁ ከሸክሙ አንዱን ጫፍ እንኳ አለመያዝ ግን በደል ነው።

ጆን ዉደን ይህን ሸክም የተረዱ አሰልጣኝ ነበሩ። በዩሲኤልኤ በ12 ዓመት ውስጥ 10 ብሔራዊ ዋንጫ ወስደዋል፤ ቡድናቸው በአንድ ወቅት 88 ጨዋታ በተከታታይ አሸንፏል። በየመኸሩ አንደኛ መባል ለእሳቸው የተለመደ ነበር። ነገር ግን እሳቸውም አንድ ጊዜ ቀምሰውታል። በኖቬምበር 1965 አዲሱ ፖሊ ፓቪሊዮን ሲመረቅ፣ ሁለት ዓመት በተከታታይ ሻምፒዮን የነበረውና በቅድመ ግምት አንደኛ የተባለው ዋናው ቡድናቸው ከራሱ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች ጋር ተጫወተ። በዚያ ዘመን ደንብ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ በዋናው ቡድን መሰለፍ አይችልም ነበር። ልጆቹ 75 ለ 60 አሸነፉ። ኋላ ከሪም አብዱል ጀባር የተባለው ሉ አልሲንዶር 31 ነጥብ አስቆጠረ። የአገሪቱ አንደኛ ቡድን በግቢው እንኳ አንደኛ አልነበረም። ዓመቱን በ18 ድልና በ8 ሽንፈት ጨርሶ ለብሔራዊው ውድድር ሳያልፍ ቀረ።

በቀጣዩ ዓመት አልሲንዶር ዋናውን ቡድን ሲቀላቀል ወሬው ሰማይ ነካ። ዉደን በመጀመሪያው የልምምድ ቀን ያስተማሩት ግን ካልሲ አለባበስ ነው። ይህን በየዓመቱ ያደርጉት ነበር። ካልሲው ተረከዙ ላይና ትንሿ ጣት አካባቢ እንዳይጨማደድ በእጅ እየደባበሱ ማስተካከል፣ ከዚያ የጫማውን ማሰሪያ ከታች ጀምሮ በየቀዳዳው ማጥበቅ። የተጨማደደ ካልሲ ውኃ ያስቋጥራል፣ ውኃ የቋጠረ እግር ልምምድ ያስቀራል። የአገሪቱ ምርጥ ተጫዋቾች ወንበር ላይ ተቀምጠው እንደ ሕፃን ካልሲ ማድረግ ይማሩ ነበር። ዉደን ስለ ማሸነፍ ለተጫዋቾቻቸው እምብዛም አይናገሩም፤ ስኬት ለእሳቸው የቻሉትን ሁሉ አድርጎ የኅሊና ሰላም ማግኘት ነው። እምነታቸውን አጥብቀው የያዙ ክርስቲያን ነበሩ፤ ትንሽ መስቀል ይዘው ይዞሩ ነበር። ያ ቡድን ሠላሳ ጨዋታ ተጫውቶ ሠላሳውንም አሸነፈ።

ባሪያ ሆኖ የኖረው ፈላስፋ ኤፒክቴተስ ዝናችን በእጃችን ካሉት ነገሮች ወገን እንዳልሆነ አስተምሯል። የሕንዱ ባጋቫድ ጊታም ሰው በሥራው ላይ እንጂ በፍሬው ላይ መብት እንደሌለው ያስተምራል። ሁለቱም ትምህርቶች ትልቅ ናቸው፤ ለ19 ዓመት ልጅ ግን ገና ከርቀት ናቸው። ካልሲው እግሩ ላይ ነው። ዉደን ያደረጉት የልጁን አሳብ ከዓመቱ መጨረሻ ዋንጫ አንሥተው በእጁ ወዳለው ነገር ማምጣት ነው።

ከላይ የተባለው ሁሉ ስለ ክብር ግምት ነው። የውርደት ግምትም አለ፤ እሱም ያው ጠባይ አለው። በማርች 2018 የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ የውድድሩ ቀዳሚ ሆኖ ገብቶ ከምድቡ በ16ኛነት በገባው ዩኤምቢሲ በተባለ ቡድን 74 ለ 54 ተሸነፈ። በወንዶች ውድድር ታሪክ ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ነገር ደርሶ አያውቅም ነበር። በቀጣዩ ዓመት ሁሉም ሰው የሚጠብቀው ዳግመኛ መውደቃቸውን ነበር። የመጀመሪያው ተጋጣሚያቸው በ16ኛነት የገባው ጋርድነር ዌብ ሆኖ በመጀመሪያው አጋማሽ በ14 ነጥብ ሲመራቸው፣ አዳራሹ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ ምን እንዳሰበ መገመት አያዳግትም። አሰልጣኙ ቶኒ ቤኔት ቡድኑን በአምስት ምሰሶዎች ላይ አቁሞት ነበር፤ ትሕትና፣ ለሥራ መትጋት፣ አንድነት፣ አገልጋይነትና ምስጋና። ከአሰልጣኝ አባቱ የወረሳቸው፣ ከመጽሐፍ ቅዱስ የተቀዱ ናቸው። ያን ቀን 71 ለ 56 አሸነፉ።

በግማሽ ፍጻሜው በኦበርን 62 ለ 60 ሲመሩ፣ 0.6 ሰከንድ ሲቀር ካይል ጋይ ላይ ጥፋት ተሠራ። ሦስት ነጻ ውርወራ ተሰጠው። ጋይ ከዩኤምቢሲው ሽንፈት በኋላ ከጭንቀት ጋር እንደሚታገልና መድኃኒት እንደሚወስድ በአደባባይ የጻፈ ወጣት ነው። የመጀመሪያውን አገባ። ሁለተኛውን አገባ። ኦበርን ጋይን ለማስጨነቅ ብሎ ዕረፍት ጠየቀ። ጋይ ተመልሶ መስመሩ ላይ ቆመና ሦስተኛውንም አገባ። ከሁለት ቀን በኋላ ቨርጂኒያ ቴክሳስ ቴክን በተጨማሪ ሰዓት 85 ለ 77 አሸንፎ በታሪኩ የመጀመሪያውን ዋንጫ ወሰደ። ጋይ ፍርሃቱን አልደበቀም፤ ድክመቱን አስቀድሞ ስለተናገረ ሰዎች የሚያጋልጡበት ነገር አልቀረውም። ንስሐ የሚያውቅ አንባቢ ይህን ነጻነት ይረዳዋል።

ይህ ማለት እምነት ያለው ቡድን ያሸንፋል ማለት አይደለም። ሂዩበርት ዴቪስም ስለ ክርስትናው በግልጽ የሚናገር አሰልጣኝ ነው፤ በዚያ የ2022/23 ዓመት ጸሎቱ ከሽንፈት አላዳነውም። እምነት የውጤት ዋስትና ተደርጎ ሲያዝ እሱም ሌላ የቅድመ ውድድር ግምት ይሆናል።

ግምት የሚያጠፋው ሌላም ነገር አለ፤ ሚዛንን። በ2013 መኸር ኬንታኪ በአንደኛነት ሲጀምር ደጋፊዎቹ ስለ 40 ለ 0 ያወሩ ነበር፤ ዓመቱን ሙሉ ሳይሸነፉ ስለመጨረስ። የቡድኑ ልጆች በአብዛኛው የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች ነበሩ። አሥር ጨዋታ ተሸንፈው 8ኛ ተብለው ወደ ብሔራዊው ውድድር ገቡ። ተስፋው ሁሉ ከላያቸው ከተነሣ በኋላ አምስት ቡድኖች ጥለው ለፍጻሜ ደረሱ፤ በኮኔቲከት 60 ለ 54 ተሸነፉ። የአገሪቱ ሁለተኛ ቡድን ሆነው ሳለ የጎደላቸው ተቆጠረ። ኖርዝ ካሮላይና በወደቀበት በ2023 ደግሞ ሻምፒዮን የሆነው ያው ኮኔቲከት ነው። በኦክቶበሩ ሰንጠረዥ ከ25ቱ ውስጥ ስሙ አልነበረም፤ በብሔራዊው ውድድር ስድስቱንም ጨዋታ እያንዳንዱን በ13 ነጥብና ከዚያ በላይ አሸነፈ። 20 ድል ለብዙ ትምህርት ቤቶች የደስታ ዓመት ነው። ለቤኮትና ለጓደኞቹ ግን 20 ድል በታሪክ መዝገብ የገባ ውርደት ሆነ። አንድን ሰው ባደረገው ሳይሆን ሌሎች ስለ እሱ ባሰቡት መመዘን ፍትሕ አይደለም።

ከጁላይ 2021 ወዲህ ነገሩ ይበልጥ ከብዷል። የኮሌጅ ተጫዋቾች ከስማቸውና ከምስላቸው ገንዘብ እንዲያገኙ ከተፈቀደ በኋላ ወሬው ዋጋ አለው፤ አንደኛ የተባለ ቡድን ልጆች ማስታወቂያ ያገኛሉ። ገንዘቡ ተገቢያቸው ነው፤ ለዘመናት በነሱ ላብ ሌሎች ሲከብሩ ኖረዋል። ነገር ግን ያልተጫወቱት ጨዋታ ክፍያ ሲቀበሉ የተመልካቹ ንግግርም ይለወጣል፤ ልጅነታቸው ይረሳል። ሸክሙን የሚጋራው አሰልጣኝ፣ ወላጅና የነፍስ አባት ከምንጊዜውም በላይ የሚያስፈልገው አሁን ነው።

በ2023 መኸር ኖርዝ ካሮላይና በሰንጠረዡ 19ኛ ተባለ። ቤኮትና አር ጄ ዴቪስ አሁንም እዚያው ነበሩ። 29 ጨዋታ አሸነፉ፣ የሊጋቸውን መደበኛ ውድድር በአንደኛነት ጨረሱ፣ በብሔራዊው ውድድር በአላባማ 89 ለ 87 እስኪሸነፉ ድረስ ሄዱ። በዚያው ዓመትና በቀጣዩ በኦክቶበር አንደኛ የተባለው ካንሳስ ነበር፤ በመጀመሪያው በጎንዛጋ፣ በሁለተኛው ገና በመክፈቻው በአርካንሳስ ተሰናበተ።

ሰንጠረዡ በሚመጣው ኦክቶበርም ይወጣል፤ ከልካይ የለውም። በቤታችሁ፣ በክፍላችሁ ወይም በሰንበት ትምህርት ቤታችሁ አንደኛ ይወጣል የተባለ ልጅ ካለ ግን የእናንተን ድርሻ ዛሬ ጀምሩ። ከጎኑ ተቀመጡ፣ የሚከብደውን ጠይቁት፣ ከሚከብደው አንዱን አብራችሁት ሥሩ። ስለ ውጤቱ የምትጠይቁት ከዚያ በኋላ ይሁን።